ሂፕኖቴራፒና የቆላው ጭንቀት፦ ለመተማና ለምዕራብ ጎንደር ዞን ያለው ጥቅምና ወሰን

ሂፕኖቴራፒ የሠለጠነ ባለሙያ የታካሚው ትኩረት በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ምስል ወይም በአንድ የሰውነት ስሜት ላይ እንዲሰበሰብ ከረዳ በኋላ፣ በሚያቀርባቸው የቃል ጥቆማዎች አማካይነት ሕመምን፣ ፍርሃትን፣ የእንቅልፍ እጦትን ወይም ጭንቀትን ለማቅለል የሚጠቀምበት የሕክምና ዘዴ ነው። ትኩረት የተሰበሰበበት፣ በዙሪያ ያለው ነገር ለጊዜው የተዘነጋበትና ሰውየው ጥቆማን ለመቀበል ከወትሮው ይበልጥ ዝግጁ የሆነበት ሁኔታ ሂፕኖሲስ ይባላል። ሁኔታው እንቅልፍ አይደለም፤ ታካሚው ይሰማል፣ ያስባል፣ የማይፈልገውን ነገር እምቢ የማለት አቅሙም አብሮት ይቆያል። ጭንቀት ደግሞ ሰው ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ የሚቆጥረው ጫና ሲገጥመው አካሉና አእምሮው በአንድነት የሚሰጡት ምላሽ ሲሆን፣ ሃንስ ሴልየ የተባለው ተመራማሪ በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ጽሑፍ የዘመናዊ ጥናቱን መሠረት ጥሏል። ልብን የሚያፈጥኑት፣ ጡንቻን የሚወጥሩትና ንቃትን የሚጨምሩት አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት ሆርሞኖች ለአጭር ጊዜ ሲመነጩ ሰውን ከአደጋ ያድናሉ፤ ለሳምንታትና ለወራት ሲዘልቁ ግን እንቅልፍን ይነሣሉ፣ የደም ግፊትን ያባብሳሉ፣ የማሰብና የመሥራት ኃይልንም ያዳክማሉ።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ዘዴው በመተማና በአካባቢው ቆላ ለሚኖሩና ለሚያልፉ ሰዎች ሊጠቅም ይችላል ወይ፣ ከጠቀመስ በምን ሁኔታና እስከ ምን ድረስ ነው የሚል ነው። በአካባቢው ሂፕኖቴራፒ የተለመደ አገልግሎት ስላልሆነ መልሱ የሚፈለገው ከሦስት አቅጣጫ ነው፤ እነዚህም በሌላው ዓለም ከተሰበሰበው የጥናት ማስረጃ፣ በጎንደርና በሱዳን ድንበር ከቆየው የፈውስ ልማድ፣ በመጨረሻም ከቆላው የኑሮና የጤና ሁኔታ ናቸው።

የጭንቀቱ ምንጮች

ከቀድሞው ሰሜን ጎንደር ተከፍሎ ገንዳ ውኃን ዋና ከተማው ያደረገው የምዕራብ ጎንደር ዞን መተማን፣ ቋራንና ምዕራብ አርማጭሆን የሚያጠቃልል፣ ከሱዳን ጋር የሚዋሰን ሞቃት ቆላ ነው። መተማ ዮሐንስ ከተማ ስሟን ያገኘችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር በተደረገው ጦርነት እዚያው ከወደቁት ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። ድንበሩ ከዚያ ወዲህም የንግድ፣ የስደትና የግጭት መተላለፊያ ሆኖ ስለቆየ፣ የነዋሪው ጭንቀት ከቦታው ታሪክና ከኑሮው ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

የመጀመሪያው ምንጭ እርሻው ነው። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚያመርቱት ሰፋፊ እርሻዎች በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋውና ከወይና ደጋው የሚወርዱ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኞችን ይስባሉ። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ፍሬው እየተከፈተ ስለሚረግፍ አጨዳው በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተጠናቀቀ የዓመቱ ልፋት መሬት ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ባለ እርሻው በሠራተኛ እጥረትና በዋጋ መዋዠቅ ሲጨነቅ፣ ሠራተኛው በበኩሉ በሙቀት፣ በሜዳ ላይ ማደር፣ በደመወዝ መዘግየትና ከቤተሰብ በመራቅ ይጨነቃል። በዚህ ላይ ወባ አለ፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውና ጉበትንና ጣፊያን የሚያሳብጠው ካላዛርም ከደጋ በመጣው፣ በሽታውን በማያውቀው ሠራተኛ ላይ ይበረታል። ለዚህ በሽታ ምርመራና ሕክምና በምዕራብ አርማጭሆ በአብደራፊ እና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ልዩ ማዕከላት መቋቋማቸው የችግሩን ክብደት ያመለክታል።

ሁለተኛው ምንጭ ስደትና ግጭት ነው። መተማ በካርቱም አድርገው ወደ ሊቢያ ለሚያመሩ ወጣቶች የቆየ በር ስትሆን፣ በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. አጋማሽ የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ሱዳናውያን፣ ኤርትራውያን፣ ከስደት የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንና የሌሎች ብዙ አገሮች ዜጎች ሕይወታቸውን ለማትረፍ የሚሻገሩባት ሆነች። ስደተኞቹ በኩመርና በአውላላ ጣቢያዎች ከሰፈሩ በኋላ በ2023 እ.ኤ.አ. የኮሌራ ወረርሽኝ ገጠማቸው፤ በጣቢያዎቹ ላይ በደረሰው ተደጋጋሚ ጥቃት ምክንያትም በ2024 እ.ኤ.አ. ብዙ ስደተኞች አውላላን ጥለው ወጡ፤ በዚያው ዓመት አፍጥጥ የተባለ ሌላ ጣቢያ ተከፈተ። የአካባቢው ነዋሪም በተለያዩ ዓመታት ከተነሡ ግጭቶች፣ በመንገድ ላይ ከሚፈጸም እገታና ከሚጠየቅ የማስለቀቂያ ገንዘብ ጋር ይኖራል። ተመራማሪዋ ቻርልሰንና ባልደረቦቿ ለዓለም ጤና ድርጅት ሠርተው በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ግምት በግጭት አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች 22.1 በመቶው፣ ማለትም ከአምስት ሰዎች ከአንድ በላይ የሚሆነው፣ የአእምሮ ጤና መታወክ እንዳለበት ያሳያል። ይህ ግምት በቀጥታ የመተማ ቁጥር ባይሆንም ችግሩ የጥቂቶች ድክመት ሳይሆን የብዙዎች ሸክም መሆኑን ለመረዳት በቂ ነው።

ሂፕኖሲስ፦ ከሐኪሙ መስመር እስከ ዘመናዊ ክሊኒክ

የዘዴው ታሪክ የተጋነነ ተስፋና ጥብቅ ምርመራ ሲፈራረቁበት የኖረ ነው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን በቪየናና በፓሪስ የሠራው ፍራንዝ አንቶን መስመር ሕሙማንን የሚፈውሰው በሰውነት ውስጥ በሚዘዋወር ማግኔታዊ ፈሳሽ እንደሆነ ያስተምር ነበር። በ1784 እ.ኤ.አ. ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ኬሚስቱ ላቯዚየ የነበሩበት የፈረንሳይ ንጉሣዊ ኮሚሽን ባደረገው ፍተሻ ፈሳሹ እንደሌለ፣ በሕሙማኑ ላይ የታየው ለውጥ ግን ከተስፋቸውና ከምናባቸው እንደመነጨ ደመደመ። ኮሚሽኑ ይህን ያለው ዘዴውን ውድቅ ለማድረግ ቢሆንም፣ የሰው ተስፋና ምናብ በአካሉ ላይ ለውጥ ሊያመጣ መቻሉ ከዚያ በኋላ ለመጣው ጥናት ዋና ጉዳይ ሆነ። በ1843 እ.ኤ.አ. ጄምስ ብሬድ የተባለው በማንቸስተር የሚሠራ ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ክስተቱን ከማግኔት አስተሳሰብ አላቅቆ በትኩረት መሰብሰብ አስረዳው፤ ሂፕኖሲስ የሚለው ስያሜም በእርሱ ጽሑፎች ተስፋፋ። የብሪታንያ ሕክምና ማኅበር በ1955፣ የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ደግሞ በ1958 እ.ኤ.አ. በሠለጠነ ባለሙያ እጅ እስካለ ድረስ በሕክምና ውስጥ ቦታ እንዳለው ተቀበሉ። በ1959 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ቫይትሰንሆፈርና ሂልጋርድ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጁት መለኪያ ደግሞ ሰዎች ለሂፕኖሲስ ያላቸው ተቀባይነት እንደሚለያይ አሳየ፤ ጥቂቶች እጅግ በቀላሉ ይገባሉ፣ ጥቂቶች ፈጽሞ አይመቻቸውም፣ አብዛኛው ሰው ግን በመካከል ይገኛል።

የአንድ ክፍለ ጊዜ አሠራር ግልጽ ደረጃዎች አሉት። ባለሙያው መጀመሪያ የታካሚውን ችግርና የጤና ታሪክ ይጠይቃል፣ የሚሆነውን ያስረዳል፣ ፈቃዱን ይቀበላል። ቀጥሎ ታካሚው በዝግታ እየተነፈሰ ትኩረቱን በትንፋሹ ወይም በአንድ ነጥብ ላይ እንዲያደርግ ይመራዋል፤ ሰውነቱ ሲላላም ሰላም የሚሰጠውን ቦታ በምናቡ እንዲያይ ይጋብዘዋል። ከዚያ ለታካሚው ችግር የተስማሙ ጥቆማዎችን ያቀርባል፤ ለምሳሌ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ትንፋሹን አስረዝሞ ማስወጣት እንደሚችል ወይም የሌሊት ሐሳብ ሲመጣ እስከ ማለዳ ሊያቆየው እንደሚችል ይነግረዋል። በመጨረሻ ወደ ወትሮው ንቃቱ መልሶ ያየውንና የተሰማውን ያወያየዋል፣ ይህንኑ ብቻውን የሚፈጽምበትን መንገድም ያስተምረዋል። ይህ የመጨረሻው ክፍል የራስ ሂፕኖሲስ ይባላል፤ ለቆላው ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ይኸው ክፍል ነው።

አንጎል ላይ የሚሆነውን ለማወቅ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 57 ሰዎችን በምስል መርምሮ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በቀላሉ ወደ ሂፕኖሲስ በሚገቡት ሰዎች ላይ ትኩረትን ከአንድ ጉዳይ ወደ ሌላ ለማዛወር የሚረዳው የአንጎል ክፍል ሥራው እንደሚቀንስ፣ አእምሮ አካልን የሚቆጣጠርባቸው ክፍሎች ግንኙነት ደግሞ እንደሚጠነክር አስተውሏል። ስለዚህ ሁኔታው ማስመሰል ወይም ለባለሙያው መታዘዝ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ማስረጃው ምን ይላል?

ጭንቀትን በተመለከተ ያለው ማስረጃ ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም ጠንካራ አይደለም። ፊሽ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ግምገማ ታካሚዎች በዕጣ የተመደቡባቸውን 9 ጥናቶች ሰብስቦ በድምሩ 365 ተሳታፊዎችን አገናዝቧል፤ ከ9ኙ 6ቱ ጭንቀት መቀነሱን ሪፖርት ቢያደርጉም፣ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ጤናማ በጎ ፈቃደኞች፣ ጥናቶቹም በጣም ትንንሽና በአሠራራቸው ጉድለት ያለባቸው ስለነበሩ ገምጋሚዎቹ የመጨረሻ ፍርድ ከመስጠት ተቆጥበዋል። ከጭንቀት ጋር ለሚቀራረበው ለሥጋት (አንግዛይቲ) የተሻለ ውጤት ተገኝቷል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የቀረበ የስታትስቲክስ ድምር ትንተና ሂፕኖሲስ ያገኘ አማካይ ተሳታፊ ሕክምናው እንዳበቃ ካላገኙት 79 በመቶ ከሚሆኑት ይበልጥ ሥጋቱ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከዚህ ትንተና ለተግባር እጅግ የሚጠቅመው ሐሳብ ግን ሂፕኖሲስ ከሌላ ሥነ ልቦናዊ ሕክምና ጋር ተዳብሎ ሲሰጥ ለብቻው ከተሰጠው ይበልጥ መርዳቱ ነው።

ከጦርነትና ከአደጋ በኋላ ስለሚመጣ ሕመም የተደረጉት ጥናቶችም ይህንኑ ይደግፋሉ። በአውስትራሊያ ተመራማሪው ብራያንትና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ድንገተኛ አደጋ ለደረሰባቸው ሰዎች አስተሳሰብንና ባሕርይን የሚያርም የንግግር ሕክምና ብቻውንና ከሂፕኖሲስ ጋር አወዳድረው ሲሰጡ፣ የተዳበለው ሕክምና አደጋው ተመልሶ የሚታይበትን ስሜት ወዲያው ይበልጥ ቀነሰ፤ በኋላ በተደረገ ክትትል ግን ልዩነቱ አልዘለቀም። በእስራኤል 32 እንቅልፍ ያጡ የቀድሞ ተዋጊዎች የተሳተፉበትና በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሂፕኖሲስ ያገኙት የእንቅልፍ መድኃኒት ከወሰዱት ይልቅ በአንዳንድ መለኪያዎች እንደተሻሉ አሳይቷል፤ የተሳታፊው ቁጥር ግን ትንሽ ነው።

ከእነዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው የዓለም ጤና ድርጅት ራስን የመርዳት የቡድን ትምህርት ነው። በዩጋንዳ 694 የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች የተሳተፉበትና በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በድምፅ በተቀረጹ 5 ክፍለ ጊዜዎችና ልዩ ባለሙያ ባልሆኑ አመቻቾች አማካይነት የሚሰጠው ትምህርት ከሦስት ወር በኋላ ጭንቀትን እንደቀነሰ አረጋግጧል። ስለዚህ ለስደተኛ ጣቢያ የሚመረጠው ዋና አገልግሎት በስደተኞች መካከል የተፈተነው ይህ ትምህርት ሲሆን፣ ሂፕኖቴራፒ ሊይዝ የሚችለው የተጨማሪነት ቦታ ነው።

ዛር፣ ጸበልና የሕዝቡ ፍርሃት

የሰው ንቃት በዜማና በሥርዓት ተለውጦ ለፈውስ የሚያገለግልበት ልማድ ለጎንደር ምድር አዲስ አይደለም። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ የፈረንሳይ ተልዕኮ በ1932 እ.ኤ.አ. ከሱዳን በጋላባትና በመተማ በኩል ገብቶ ጎንደር በተቀመጠ ጊዜ፣ ደራሲውና የሥነ ሰብእ ተመራማሪው ሚሼል ሌሪስ መልካም አየሁ በተባሉ የዛር አለቃ ቤት ለወራት ሥርዓቱን ተከታትሏል። በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናቱ በዛሩ የተያዘው ሰው የሚያደርገውን እንደ ኖረበት ትያትር ሲያየው፣ በዚያው ዓመት ሳይመን ሜሲንግ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ የዛር ማኅበር ለተገፉና ለተጨነቁ ሰዎች፣ በተለይም ለሴቶች፣ የቡድን ሕክምና ይሰጣል ሲል ተረጎመው። በድንበሩ ማዶም ዛር ሥር የሰደደ ነው፤ የሱዳን የአእምሮ ሕክምና አባት የሚባሉት ዶክተር ቲጃኒ አል-ማሒ ሐኪሞች የባህል ፈዋሾችን ዕውቀት ማጥናትና ማክበር እንዳለባቸው አስተምረዋል።

ዛርና ሂፕኖሲስ ተስፋን፣ የተመሪውን እምነትና የተሰበሰበ ትኩረትን ስለሚጠቀሙ ይቀራረባሉ፤ በመሠረታዊ ነገር ግን ይለያያሉ። በዛር ሥርዓት የሚናገረው መንፈሱ ነው ተብሎ ስለሚታመን ሰውየው ዛሩ በያዘው ጊዜ ያደረገውን እንደ ራሱ ሥራ አይቆጥረውም፤ ከመንፈሱም ጋር ግብር እየከፈለ የዕድሜ ልክ ግንኙነት ይመሠርታል። በሂፕኖቴራፒ ታካሚው ራሱ ሆኖ ይቆያል፣ ያለውን ያስታውሳል፣ ሕክምናው ሲያበቃም ከባለሙያው ነጻ ይሆናል። ይህ ልዩነት በግልጽ ካልተነገረ የኦርቶዶክስም ሆነ የእስልምና እምነት ተከታዩ ዘዴውን ከዛር፣ ከድግምት ወይም ሌባ ገንዘብ ይዘርፍበታል ከሚባለው አፍዝ አደንግዝ ጋር አንድ አድርጎ ሊፈራው ይችላል። ፍርሃቱ ሊናቅ አይገባም፤ የራስ ፈቃድ እንዳይነጠቅ ከመሥጋት የመነጨ ነውና መልሱ ፈቃዱ በታካሚው እጅ መሆኑን በተግባር ማሳየት ነው።

ሕዝቡ እርዳታ የሚፈልግበት መንገድም ይህን ጥንቃቄ ግድ ይላል። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል 1,044 ታካሚዎችን አነጋግሮ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከሦስቱ አንድ የሚጠጋው ወደ ሆስፒታሉ ከመምጣቱ በፊት ካህን ወይም ጸበል ጋ እንደሄደ አሳይቷል። በእንጦጦ ማርያም ጸበል አካባቢ የአእምሮ ሕክምናና የጸበል አገልግሎት ጎን ለጎን እንዲሰጡ የተደረገው ጥረት ታካሚው ከሃይማኖቱና ከሕክምናው አንዱን እንዲመርጥ ሳይገደድ ሊረዳ እንደሚችል ያስተምራል። በመተማም ካህናቱ፣ ሼሆቹና የአገር ሽማግሌዎቹ ስለ ዘዴው አስቀድመው ሊወያዩና ሊጠይቁ ይገባል።

ገደቦችና አደጋዎች

የመጀመሪያው ጥንቃቄ የምርመራ ነው። በቆላው ልብ መምታት፣ ላብ፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት የወባ፣ የካላዛር ወይም የደም ማነስ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶችም ኤፋቪሬንዝ ቅዠትና ሥጋት እንደሚያስከትል ይታወቃል። ስለዚህ የአካል ምርመራ ሳይደረግ ጭንቀት ነው ብሎ በጥቆማ ማስታገስ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ የትውስታ ነው። በሂፕኖሲስ የተረሳን ነገር ለማውጣት መሞከር ያልተፈጸመን ነገር እንደ ተፈጸመ የሚያስታውስ የሐሰት ትውስታ ሊፈጥር እንደሚችል የሥነ ልቦና ጥናት አረጋግጧል። የግጭት ተጠቂዎች ምስክርነት ለፍርድ በሚፈለግበት አካባቢ ይህ አሠራር ተጠቂውንም ተጠርጣሪውንም ይጎዳልና ፈጽሞ መወገድ አለበት። በሌለ ድምፅ ወይም ከእውነታ በራቀ እምነት የሚሠቃዩ የሥነ አእምሮ ሕሙማንም በልዩ ሐኪም ካልሆነ በቀር በዚህ ዘዴ ሊሞከሩ አይገባም።

ሦስተኛው የአቀራረብ ጉዳይ ነው። ጥቃት የደረሰበት ሰው ዓይንህን ጨፍን ሲባል ሊደነግጥ ስለሚችል ዓይኑን ገልጦ፣ በሩን እያየ፣ ከፈለገም የሚያምነው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እንዲሠራ ሊፈቀድለት ይገባል፤ ጥቃት ለደረሰባት ሴት ደግሞ ሴት ባለሙያ መገኘቷ አስፈላጊ ነው። ጥቆማው በታካሚው አፍ መፍቻ ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በአረብኛ፣ በጉሙዝኛ ወይም በሌላው መሆን አለበት። የምናቡ ምስልም ከውጭ መጽሐፍ እንዳለ መገልበጥ የለበትም፤ የባሕር ዳርቻን የሚያሞግስ ጽሑፍ በጀልባ አደጋ ወዳጆቹን ላጣ ተመላሽ ሰው ሥቃይ ነው፣ የአካባቢው የጓንግ ወንዝ ዳርም ለአንዱ የዕረፍት ቦታ ሲሆን ለሌላው በሌሊት የተሻገረበት የፍርሃት መንገድ ሊሆን ይችላል። ምስሉን የሚመርጠው ታካሚው ራሱ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የሥነ ምግባር ገደብ ግን የፍርሃቱን ምክንያት የሚመለከት ነው። ደመወዙን የተከለከለ ሠራተኛ፣ በመንገድ ላይ እንዳይታገት የሚሠጋ ሹፌርና ጣቢያዋ የተጠቃባት ስደተኛ የሚሰማቸው ጭንቀት ሁሉ የአእምሮ ስሕተት አይደለም፤ እውነተኛ አደጋን የሚያስጠነቅቅ ንቃትም አለበት። ይህን ንቃት ማደንዘዝ ሰውን ለጉዳት ያጋልጣል። ተገቢው ዓላማ አደጋው በሌለበት ሰዓት አካል እንዲያርፍ፣ እንቅልፍ እንዲመለስ፣ አእምሮም ለውሳኔ እንዲበረታ ማገዝ ነው።

በጤና አገልግሎቱ ውስጥ ሊይዝ የሚችለው ቦታ

ኢትዮጵያ የአእምሮ ጤናን ከአጠቃላይ ሕክምና ጋር ለማቀናጀት የመረጠችው መንገድ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችንና የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ነው። መመሪያው ሂፕኖቴራፒን በስም አያዝም፤ ሆኖም ጭንቀትን የመቆጣጠሪያ ስልቶችን ይዟል፤ ድርጅቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ከጭንቀት ጋር ለተያያዙ ሕመሞች ያወጣው ምክር ደግሞ ለእንቅልፍ እጦት ሰውነትን የማላላት ልምምድን ወይም በባህሉ ያለውን አቻውን እንዲታሰብ ሲመክር፣ ከአደጋ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር የሚያደነዝዙ መድኃኒቶች ለጭንቀቱ እንዳይሰጡ ያስጠነቅቃል። የራስ ሂፕኖሲስ ቀላሉ መልክ፣ ማለትም ዝግ ያለ ትንፋሽ፣ የተሰበሰበ ትኩረት፣ የተመረጠ ምስልና አጭር ጥቆማ፣ በዚህ ክፍተት ሊገባ ይችላል።

ለቆላው የሚስማማበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የወቅት ሠራተኛው ሰሊጡ ሲያልቅ ወደ ደጋው ይመለሳል፣ ስደተኛውም ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይዛወራል፤ ጎንደር ያለው የዩኒቨርሲቲው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከመተማ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ መንገዱም ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። ለብዙ ሳምንታት ቀጠሮ መያዝ ለማይችል ሰው በአንድና በሁለት ጉብኝት ተምሮ ይዞት የሚሄደው፣ ገንዘብም መሣሪያም የማይጠይቅ ክህሎት ትልቅ ጥቅም አለው፤ እንቅልፍ ለማግኘት አረቄ ከመጠጣትም የተሻለ አማራጭ ይሆነዋል። ሆኖም ፊሽና ባልደረቦቻቸው በገመገሟቸው ጥናቶች በብዛት የተሠራበት ከ3 እስከ 5 ክፍለ ጊዜ ነውና፣ አጭሩ ትምህርት ያንኑ ያህል መሥራቱ በቆላው ውስጥ መፈተን አለበት።

ለዚህ ፈተና አመቺው መንገድ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ጤና መምህራን መሪነት ጥቂት የመተማ፣ የገንዳ ውኃና የአብደራፊ የጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ፣ የታመነውን የቡድን ትምህርት ብቻውን ያገኙትንና ከራስ ሂፕኖሲስ ጋር ያገኙትን ሰዎች በእንቅልፍ፣ በሥራ ችሎታና በጭንቀት መጠን ማነጻጸር ነው። ውጤቱ ልዩነት ካላሳየ ጊዜና ገንዘብ በሌላው ላይ ይዋል፤ ካሳየም ክህሎቱ በአረምና በአጨዳ ወራት የወባ ምርመራና የካላዛር ትምህርት በሚሰጥባቸው የእርሻ ካምፖች እንዲዳረስ ይደረግ።

በጠቅላላው ሲመዘን ሂፕኖቴራፒ ለጭንቀት የሚሰጠው ጥቅም እውነተኛ፣ ግን መጠነኛ ነው፤ ለብቻው ከመቆም ይልቅ ሌላውን ሕክምና ማገዝ ይስማማዋል፣ የሚታመነውም ታካሚውን የባለሙያው ጥገኛ ሳያደርግ በራሱ ላይ ያለውን ሥልጣን ሲያጠነክርለት ነው። በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ግን የተጨነቀ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የመንገድ ደኅንነት፣ የተከፈለ ደመወዝ፣ ከወባ የሚከላከል አጎበርና በቅርብ የሚገኝ የጤና ጣቢያ ነው። ማንኛውም ተቋም ዘዴውን ወደዚያ ይዞ ሲሄድ እነዚህን ለመተካት ሳይሆን ለማገዝ መሆኑን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ የጭንቀቱን ምንጭ ለሚመለከተው አካል ማመልከትንም የሕክምናው አካል አድርጎ መቁጠር ይኖርበታል።